አስራ ሁለተኛው ሞቺ

አናጺው ጌንሳኩ የአንድ ቤት ጣሪያ ባቆመ ቁጥር መንደሩ ሥራ ፈትቶ ከሥሩ ይሰበሰባል። እሱም ከላይ ሆኖ ሞቺ የሚሉትን የተወቀጠ የሩዝ ሙልሙል ይበትንላቸዋል። ትንንሾቹ ለማንም ናቸው። መጨረሻ ላይ የሚወረወር እንደ ሰሃን የሰፋ አንድ ትልቅ ግን አለ፤ እሱን የያዘ ሰው ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲሳይ ይገባል ይባላል።

ከአኩሪ አተር ረግቶ በውሃ ገንዳ የሚቀመጠውን ቶፉ የምትሸጠውን ኪኑዬን ይህ ትልቁ ሞቺ አስራ አንድ ቤት ሙሉ አምልጧታል። ሁልጊዜ የምትቆመው በሩ ትይዩ ነው። ሞቺው በአናቷ ላይ ያልፍና ሦስት እርምጃ ከኋላዋ፣ አሮጊቷ ታኔ ሽርጥ ውስጥ ዘፍ! ታኔም ለማንም ሳታሳይ፣ እንደ ሰረቀ ሰው ጠቅልላው ወደ ቤቷ እብስ ነው።

ለኪኑዬ ነገሩ ገብቷታል። ታኔ የጌንሳኩ ጎረቤት ናት፤ በጨው የዘፈዘፈችውን ፍጁል በየሳምንቱ ትልክለታለች። ሰውዬው ደግሞ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእንጨት በቀር ከማንም ጋር አያወራም። እንግዲህ በፍጁል ተገዝቷል፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ዘንድሮ ጌንሳኩ የመጨረሻ ቤቱን ሠራ፤ የራሱን። ለብቻው የሚኖር ሰው ባለ ፎቅ ቤት፣ ከፊቱም በሬ የሚያሳጥብ የድንጋይ የውሃ ገንዳ! መንደሩ «ሰውዬው ጃጀ» አለ። ከዚህ በኋላ ውርወራ የለም። ኪኑዬም ዘንድሮ ካመለጣት ሱቋን ዘግታ ናጎያ ከተማ እህቷ ጋ እንደምትገባ ለሰፈሩ ሁሉ አወጀች።

የት እንደሚያርፍ ለመለካት ሳምንቱን ከፎቅ መስኮቷ ድንች ስትወረውር ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን አንዱ ድንች የጡረተኛውን የፊዚክስ መምህር የኩዋባራን ባርኔጣ ይዞት ሄደ። መምህሩ አልተቆጡም። ሞቺው የት እንደሚወድቅ ስትጠይቃቸው፣ የተወረወረ ነገር ወደ ፊት እየሄደ ወደ ታችም እንደሚወድቅ፣ ከከፍታ ሲሆን የሚወድቅበት ጊዜ ስለሚረዝም ርቆ እንደሚያርፍ አስረዷት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

«በዚህ ሳምንት ይህን ስትጠይቂኝ አንቺ ሁለተኛ ሰው ነሽ።»

ታኔ ናት፣ አለች ኪኑዬ በሆዷ። ይቺ አሮጊት።

ፎቅ ነውና ሦስቱ እርምጃ አምስት ይሆናል ብላ ቆጠረች። በውርወራው ቀን ታኔን በክርኗ ገፋ አድርጋ አልፋ፣ ከኋላዋ ሄዳ ቆመች።

«አንቺ ልጅ፣ ቦታሽን ለማን ትተሽ ነው?» አለቻት ታኔ።

«ለእርስዎ ይሁን፣ እማማ። ዛሬ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ይዋሉበት።»

ጌንሳኩ ትንንሾቹን በተነ። ከዚያ ትልቁን አነሣ። ጣቱን ልሶ ነፋሱን ለካ፣ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነና ወረወረ።

ሞቺው ኪኑዬ ጋ አልደረሰም። ታኔ ጋም አልደረሰም። በሩ ትይዩ፣ ኪኑዬ ትታው በሄደችው ባዶ ቦታ ላይ ጭቃው ውስጥ ጧ ብሎ ወደቀና ትንሽ ተንሸራትቶ ቆመ።

ሁለቱም ሮጡ። ኪኑዬ ጭቃው አንሸራቷት በቂጧ ስትሄድ ታኔ ቀድማ አነሣችው። ኪኑዬ ግን ከተቀመጠችበት የታኔን እጅ ለቀም አደረገች።

«ዛሬስ አይደብቁትም። ያሳዩኝ።»

ታኔ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ጌንሳኩ ዓይኑን አሁንም አልገለጠም። አሮጊቷ ተነፈሰች፣ የሞቺውን ሆድ በሽርጧ ጠረገችው። ከጭቃው ሥር ቀይ ቀለም ብቅ አለ።

«በይ አንብቢው፤ እኔ እንደሆነ አስራ አንዱንም ከጽሑፉ በኩል ነው መብላት የጀመርኳቸው። ሁሉም ላይ ያው ነው፦ ‹ኪኑዬ፣ ታገቢኛለሽ?›»