እስኪበርድ

«ወተቱን እንዴት እንደምትሰጪያት እስቲ እኔ እያየሁ ሥሪው» አላት ቀንዓ።

ወርቅቱ ቀና ብላ አየችው። ልጇን ሌታን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የሁለት ዓመቷ እህቱ ደራርቱ ደግሞ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ያስቀምጣታል። ድሬሰሩ ቀንዓ ከጊንጪ ጤና ጣቢያ በእግሩ የመጣው ለልቅሶ ነበር፤ ሕፃኗን ሲያይ ግን የመጣበትን ረሳው። ምላሷ ገና እርጥብ ነው። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ሲለቀው ቶሎ ተመለሰ። የሌታ አልተመለሰም ነበር። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሚፋጅ ትኩሳት፣ የጎደጎዱ ዓይኖች፤ ወደ እሱ ያደረሱት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ከኪሱ ላወጣው የተቅማጥ መድኃኒት ዱቄት መበጥበጫ ውሃ በማንቆርቆሪያ አስጣደ።

«ይኸው ዶክተሩ መጣ!» አሉ አማቷ አዴ ድንቄ ከመደቡ ላይ ሆነው። «ወተት እሳት ላይ ጣዱ ያለው ሰው! የላሟ ጡት ይደርቃል፣ ቤቱ ይረገማል ብዬ ነበር፤ ማን ሰማኝ? አሁን ደግሞ ላሟንም በመርፌ ውጋትና እንገላገል።»

«አዴ ድንቄ፣ ላሟ ምን አጠፋች?»

«እኮ! የልጅ ልጄስ ምን አጠፋ?»

ወርቅቱ እስከ ክንዷ ድረስ በሳሙና ታጠበች። ጠዋት የታለበውን ወተት በድስት ጣደች፤ ተንተክትኮ እስኪነሣ ድረስ አልቸኮለችም። ጎረቤት የሳቀባትን፣ አማቷ ያኮረፉባትን ነገር በሙሉ ልቧ ነበር የያዘችው። በዚህች መንደር ወተት አፍሉ የሚለውን የቀንዓን ምክር ያመነች እሷ ብቻ ናት። ታዲያ ሞት ከበሩ ሁሉ የእሷን ለምን መረጠ? ቀንዓ ሦስት ቀን ሙሉ ራሱን የጠየቀው ይህንኑ ነው።

ግማሹን ወተት ወደ ቆርቆሮ ኩባያ ገለበጠች። ከዚያ ምንም ሳታስብ፣ ዘወትር እንደምታደርገው፣ ከእንስራው በጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ጨመረችበት።

«አሁን ለዘብ ብሏል» አለች።

ቀንዓ ወደ እንስራው ጠጋ አለ። «ውሃው ከወንዙ ነው?»

«ከየት ሊሆን ነው ታዲያ?»

«ለሌታም እንዲህ ነበር የምትሰጪው?»

«ይፋጃላ፣ ኦቦ ቀንዓ! አፉን ላቃጥለው?»

መንደር ምስረታ ብለው ሕዝቡን ከየኮረብታው የሰበሰቡት፣ ቤቱን በገመድ ለክተው እንደ ወታደር ያሰለፉት ሰዎች፣ ሽንት ቤቱን ከላይ፣ የመጠጥ ውሃውን ከታች አድርገው ሄደዋል። ገመዳቸው ይህንን አይለካም።

እሱስ? በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለ ምግብና ውሃ ንጽሕና እንዲያስተምር ዐሥር ደቂቃ ተሰጥቶት ነበር። በወረቀት ጽፎ ነው የሄደው። «ለልጆች ወተት አፍልታችሁ ስጡ» ከማለቱ ካድሬው ሰዓቱን አይቶ ተነሣ። «በቃ፣ ጓድ ቀንዓ። አፍሉ ብለሃል፤ ገብቷቸዋል» አለና ግራ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል መፈክርና ጭብጨባ ሆነ። ቀንዓም አጨበጨበ። «ከፈላ በኋላ ክደኑት፤ በራሱ ይብረድ፤ ጥሬ ውሃ አትጨምሩበት» የሚለው ሁለተኛው መስመር እስከ ዛሬ ኮቱ ኪስ ውስጥ እንደታጠፈ ነው።

ኩባያውን ከእጇ ወስዶ ወተቱን ደጅ ደፋው።

«ኡኡ! ወተት መሬት ላይ?» ጮኹ አዴ ድንቄ።

ወርቅቱ ባዶውን ኩባያ አየች፤ እንስራውን አየች፤ ከዚያ እሱን።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ካለ ግን ነገም ከዚያው እንስራ ትቀዳለች።

«ወርቅቱ፣ ስሚኝ። አንቺ ያልኩሽን ሁሉ አድርገሻል። በሽታው ያለው ጥሬው ውሃ ውስጥ ነው፤ በራሱ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከወንዙ አትጨምሩበት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሳልጨርስ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ቀንዓ ኩባያውን ከማንቆርቆሪያው በፈላ ውሃ አለቀለቀ፤ በድስቱ የቀረውን ወተት ቀዳበት፤ በሳህን ከደነው። ሦስቱም ተቀምጠው ጠበቁ። ደጅ አንድ ሰው አህያውን እየገሠጸ አለፈ፤ ከወንዙ ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ወርቅቱ ሳህኑን አነሣ አድርጋ አየች። እንፋሎቱ ቆሟል። ኩባያውን በመዳፏ ያዘችው። አልፋጃትም።

«ይኸው ነው?» አለች። «የሚያስጠብቀው ይህችን ታህል ጊዜ ብቻ ነው?»

ደራርቱ የእናቷን ቀሚስ እየጎተተች ለወተቱ ታለቅሳለች። ወርቅቱ ኩባያውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።