በእጁ ካልተሰጠ

ሐኪሙ የመድኃኒት መጋዘኑን በር ከውስጥ ቀረቀረና በካርቶኖቹ መካከል ቁጢጥ አለ። የመድን ድርጅቱ መልእክተኛ ዛሬም መጥቷል። ኮሪደሩ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ ፖስታውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

ደንቡ አጭር ነው። ድርጅቱ ከክሊኒክ ጋር ያለውን ውል ሲለውጥ፣ ለውጡ ወሩ ሳያልቅ በክሊኒኩ ባለቤት እጅ መግባት አለበት፤ የዚህ ክሊኒክ ባለቤት ሐኪሙ ራሱ ነው። ካልገባ ዓመቱን ሙሉ በአሮጌው ውል ይቀጠላል። ወሩ የሚያልቀው ደግሞ ዛሬ፣ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ነው።

አሮጌው ውልም ቢሆን ጎስቋላ ነው። ለወሊድ የሚከፍለው ለጓንትና ለሳሙና እንኳ አይበቃም፤ ማዋለጃው ክፍል እየተንፏቀቀ ቢደርስ እስከ ክረምት ነው። ከዚያ ከቀነሰ ግን ነገውኑ ይዘጋል። የጎረቤት ክሊኒኮች ከዚሁ ሰው እጅ ፖስታ ተቀብለው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ማዋለጃቸውን ዘግተዋል። ሐኪሙ ይህን የሰማ ዕለት ነው አይጥ የሆነው።

አዋላጇ ታናሽ እህቱ ናት። ውኃ ልታቀብለው ስትመጣ የሰውዬውን ነገር በሹክሹክታ ነገረችው። ለወንድምሽ የሚበጅ ነው ብሏታል፤ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ግን ከባለቤቱ በቀር ለማንም እንዳልናገር ታዝዣለሁ አለ። ሽማግሌው ዘበኛ ይህን ሰምቶ፣ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ብሎ ስቋል።

ከቀትር በኋላ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጣች። መልእክተኛው ብድግ ብሎ አንዱን ጫፍ ያዘ። ካስገቧት በኋላ ወደ ግቢ ወጣና ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ።

እህቱ የመጋዘኑን በር ቆረቆረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ሰውዬው ውጭ ነው፣ ቶሎ ና።»

«እኔን ለማውጣት ነው የወጣው።»

«እሷስ?»

መጋዘኑና ማዋለጃው የሚለያዩት በአንድ ስስ ጣውላ ነው። ሐኪሙ ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጥፎ፣ አትጎትቺ፣ ጠብቂ፣ አሁን ትከሻውን እያለ እህቱን መራት። ስንቱን ያዋለዱ እጆቹ ብብቱ ውስጥ ተወሽቀዋል። በመጨረሻ ሕፃኑ አለቀሰ። ሐኪሙም አለቀሰ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ዘበኛው መጥቶ መሥሪያ ቤት ተዘግቷል፣ ውጣ አለው።

ሐኪሙ ጉልበቱን እያሸ ወጣ። መልእክተኛው ከግቢ ተመልሶ አግዳሚው አጠገብ ቆሟል። ፊቱ ላይ ግን ቁጣ የለም።

«እንግዲህ ወንድሜ፣ ለከርሞ ያገናኘን» አለው ሐኪሙ፣ ሳቁን መደበቅ አቅቶት።

«አለቆቼ የሌሎቹን ማዋለጃ ያዘጉት» አለው ሰውዬው፣ «እናቶቹን ሁሉ ወደ እርስዎ ለማዞር ነበር፤ የእርስዎን ክፍያ ሦስት እጥፍ አድርገውልዎት ነበር፣ ዶክተር።»