ክሪክ ብቻውን አይታመንም

ታናሽ ወንድሙ መኪናውን እየነዳ ግቢው ሲገባ ኢንጂነሩ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ነው። ለዓመታት ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ዘይት ቀይርልኝ» አለ ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ። «ጠቁሮ ሬንጅ ሆኗል።»

«ዛሬ?»

«ምነው፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?»

ያለበትን ወንድሙ አሳምሮ ያውቃል። ኢንጂነሩ ድሮ የሠራበት ጋራዥ ሥራ አስኪያጅ ከሰዓት በኋላ በጡረታ ይሸኛል። ኢንጂነሩ ሳይጠራ ሊሄድ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማይክሮፎኑን ነጥቆ፣ ይህ ሰው በሐሰት መስክሮ ሕይወቴን አበላሽቷል ሊል ነው። ስሙን የሚያጥብበት ሌላ ቀን አይመጣም።

ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ በሹፈት። ዲግሪውን በማዕረግ የጫነ ሰው ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ የሰው መኪና ዘይት ሲያፈስ ማየት ለአንዳንዱ ደስ ይላል።

ያኔ የዚያ ትልቅ ጋራዥ የጥገና ኃላፊ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በክሪክ የተነሳ መኪና ተንሸራቶ ወረደና «ጭስ» የሚሉትን መካኒክ ገደለው። ጭስ ከሥር የገባው ፊልትሮ ሊቀይር ነበር። ኢንጂነሩ መኪናው የሚያርፍባቸውን የብረት ድጋፎች በገዛ እጄ አስገብቻለሁ ብሎ ማለ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ፣ በዚያ ሳልፍ በቀኝ በኩል ድጋፍ አላየሁም ብሎ መሰከረ። ችሎት የሚያምነው አየሁ የሚለውን ነው እንጂ ሠራሁ የሚለውን አይደለም። ኢንጂነሩ ታሰረ። ሲፈታ ቀጣሪ ጠፋ። የጭስ ሚስት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየው ትሻገራለች።

ወንድሙም እዚያው ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ግን ለምሳ ወጥቶ ስለነበር ሊመሰክርለት አልቻለም። ከዚያ በኋላ መካኒክነት አስጠላኝ ብሎ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ለኢንጂነሩ እንደ እሱ የሆነለት ሰው የለም። ታስሮ በነበረበት ጊዜ ልጆቹን ያሳደገለት እሱ ነው፤ ይህን ግቢ የሰጠውም እሱ። አንድ ቀን እንኳ ውለታውን አንስቶበት አያውቅም።

ኢንጂነሩ ሸሚዙን ሰቀለና ወጣ። መኪናውን ሲሚንቶው ላይ አስቆመው፤ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ማርሽ አስገባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ሸጎጠ።

«ሰውየው እኮ ሸምግሏል» አለ ወንድሙ ሲያየው ቆይቶ። «ተወው ጋሼ።»

«እኔስ ጎረምሳ ነኝ?»

«በሰው ፊት ብታዋርደው ምን ይጠቅምሃል?»

«እኔን የት ነው ያዋረደኝ? ጓዳ ውስጥ?»

ክሪኩን ከፊት አስገብቶ መኪናውን አነሳ። በቀኝም በግራም ድጋፍ አስገባ፤ ክሪኩን ቀስ ብሎ ለቀቅ ሲያደርገው መኪናው ድጋፎቹ ላይ ተቀመጠ። በትከሻው ገፋ አድርጎ ነቀነቀው። ንቅንቅ አላለም።

«ምናልባት ያየውን ይሆናል የተናገረው» አለ ወንድሙ።

«ያየውን? እኔ ያስገባሁት ድጋፍ የት ሄዶ? እግር አውጥቶ? ለጋራዡ ስም ሲል ሸጠኝ እንጂ!»

ኢንጂነሩ ቱታውን ሊያጠልቅ ሲል ወንድሙ እጁን ያዘው።

«ተው፣ እኔ እገባለሁ። ጥፍርህ ሁሉ ዘይት ሆኖ ማይክሮፎን ልትይዝ ነው? በግሪስ ነው እንዴ የታጠበው ይሉሃል።»

ኢንጂነሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

«ረስተኸው እንዳይሆን።»

«ቡሎን መፍታት ይረሳል?»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንህ። ዛሬ አብረኸኝ ሂድ። አትናገር፤ ከጎኔ ቁም ብቻ።»

«አልችልም።»

«ፈራኸው?»

«እሱን እንኳ አይደለም» አለና ወንድሙ ቱታውን ተቀበለው።

ኢንጂነሩ አዲሱን ፊልትሮ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ሸሚዙ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። የሚናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሞከረው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ደስ አለው።

ሲመለስ የወንድሙ እግሮች ብቻ ከመኪናው ሥር ወጥተው ይታያሉ። ብረት ሲሚንቶ ሲፍቅ ሰማ።

«ምንድን ነው የምትነካካው?»

«ዘይቱ የሚፈስበት ሳፋ አልገባ አለኝ» አለ ወንድሙ ከሥር። «ክሪኩን ትንሽ ከፍ አድርጌ ይሄን የቀኙን ድጋፍ ገለል አደረግሁት። ዘይቱን አፍስሼ እመልሰዋለሁ።»

ፊልትሮው ከኢንጂነሩ እጅ ወደቀ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ድጋፉን በሁለት እጁ ወደ ቦታው ገፋው።

«አብደሃል? ክሪክ ብቻውን ይታመናል? ጭስን የገደለው እኮ ይሄ ነው!»

ከሥር የቡሎን ቁልፉ መዞሩን አቆመ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ ወንድሙ። «ያን ቀን መልሼ ሳላስገባው ነው ለምሳ የወጣሁት።»