መሪጌታ የቀበሯት ቁራጭ ሥጋ

«ቀበርኳት!»

አሉ መሪጌታ አሥራተ ማርያም ፈርጠም ብለው…

የሰቆጣዋ ሐኪም ዶክተር ፀጋ አፏን ከፍታ ቀረች።

«የኔታ… ምኗን ነው የቀበሩት?»

«ከምላሴ የቆረጥሻትን ነዋ! የክርስቲያን ሥጋ በብልቃጥ ሆኖ በአውቶቡስ ይዞራል እንዴ? ደብሩ አጥር ስር አፈር አልብሼያታለሁ!»

ኧረ ጉድ በሉ! ያቺ ቁራጭ እኮ በወልድያ በኩል አልፈው ትልቁ ከተማ ያለ ላብራቶሪ እንዲያደርሷት በአደራ የተሰጠቻቸው ነበረች!

ነገሩ እንዲህ ነው… መሪጌታ ምላሳቸው ዳር ላይ ነጭ ነገር ወጥቶባቸው ሰነበተ። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ቢሉ… ጠበል ቢሉ… ወይ ፍንክች! ዶክተሯም ካንሰር እንዳይሆን ይመርመር ብላ ከነጩ ትንሽ ቆረጠች።

ካንሰር ከሆነ ምላሳቸው ሊቆረጥ ነው። ምላስ የሌለው መሪጌታ ደግሞ በምኑ ዜማ ይመራል?

«እንግዲህ እንደገና ልቁረጥ» አለች ዶክተሯ።

«በፍጹም!»

ይሄኔ በር ላይ ወረፋ የምትጠብቅ ከጽጽቃ ወረዳ የመጣች አንዲት ሴት ሳቀች። ምስራቅ ትባላለች… ከንፈሯ ጎን ትልቅ ጠባሳ አለ።

«የኔታ፣ እኔ ሴትዮዋ ተቆርጬ ዝም ያልኩትን እርስዎ ያን የሚያህል ጥምጣም ጠምጥመው ይፈራሉ? አይ ወንድ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ…

መሪጌታን እልህ ያዛቸው። «ቁረጪ!» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ዘንድሮ ማን ያምናቸዋል? ብልቃጧን ዶክተሯ ራሷ ላከቻት!

ውጤቱ ሲመጣ ባለቤታቸው ወለተ ሐና አብረው ገቡ… ነጠላቸውን ጨብጠው።

«እማማ፣ ብቅል ሲያበቅሉ የቱ ገብስ እንዳቆጠቆጠ ያያሉ አይደል?» አለቻቸው ዶክተሯ። «ይሄም እንደዚያ ነው። ለመባዛት የተነሳውን ሴል ብቻ ቡናማ የሚያደርግ ቀለም አለ። ጤነኛ ሥጋ ከታችኛው ንብርብሩ ብቻ ነው የሚያቆጠቁጠው። ወደ ላይ ከወጣ ያሰጋል።»

«የሳቸውስ?»

«መውጣት ጀምሯል… ግን ካንሰር አልሆነም! ነጯን ብቻ እናነሳለን፣ ምላሳቸው ይተርፋል!»

እልልልልል!

መሪጌታ ግን ሊቅ አይደሉ? ጠየቁ።

«ቀለሙ ሳይሠራ ቀርቶስ ቢሆን?»

«ለዚያማ ከእርስዎ ጎን የሌላ ሰው ቁራጭ አብሮ ይቀለማል፤ ካንሰር መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ። እሱ ቡናማ ከሆነ ቀለሙ ሠርቷል ማለት ነው።»

«የማን ነው ቁራጩ?»

«ስም አይነገርም፣ የኔታ።»

«እኔ ልንገርዎ እንጂ… የኔ ነዋ!»

ዞር ቢሉ… ምስራቅ! ለክትትል መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ካንሰሬ ሲቆረጥ ዶክተሯ ለቀለሙ መፈተኛ እንደሚሆን ነግራ ‹ይቀበር ወይስ ለሌላው ይትረፍ?› ብላ አስፈቀደችኛ። ይትረፍ፣ አፈር ምን ይሠራበታል? አልኳት።»

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሱ…

ከዚያ ለጽጽቃዋ ሴት ዝቅ ብለው እጅ ነሱ! መሪጌታ እኮ ናቸው!

«ልጄ፣ የምታነሷትን ነጯን አፈር አታልብሷት» አሉ ዶክተሯን። «ከእህቴ ጎን አስቀምጧት።»

«ጎኔ ሆነው ዜማ እንዳይጀምሩ ብቻ!» አለች ምስራቅ።

ወገኖቼ… የዋግ ሴት ማለት ይቺ ናት! አፈር የሚበላውን ለሰው መድኃኒት ማድረግም ጽድቅ ነው። አፋችሁ ውስጥ አልድን ያለ ቁስል ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ታዩ!

እስቲ ልባችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ…

ያቺ ዶክተር «ይቀበር ወይስ ለሌላው ይትረፍ?» ብትላችሁ… ምን ትሏታላችሁ?