ውሃው እንዲመለስ

ከመንደሩ ጥግ የኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ ሕንጻ ከተሠራ ወዲህ የጉድጓዱ ውሃ እየወረደ ሄደ። መምህርት ትርንጎ ማሽኖቹ የሚቀዘቅዙት በውሃ መሆኑን አንብባ ጎረቤቶቿን ሰበሰበች።

«በስልክ የምንልከውና የምናስቀምጠው ሁሉ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ነው የሚያርፈው። የማያስፈልገንን እንሰርዝ፤ ውሃችን ይተርፍልናል» አለቻቸው።

ሰው አመናት። ቪዲዮ መላላክ ቀረ፤ የሠርግና የክርስትና ፎቶ ሳይቀር ተሰረዘ። በሦስተኛው ወር ጉድጓዱ ጭራሽ ደረቀ።

ትርንጎ ሄዳ የሕንጻውን ሥራ አስኪያጅ አነጋገረችው። ሰውየው በትዕግሥት ካዳመጣት በኋላ አንገቱን ደፋ።

«እህቴ፣ እዚህ ያለው የውጭ አገር ባንኮች መረጃ ነው። የእናንተ ስልክ ከኛ ጋር አይገናኝም። ብትሰርዙም ባትሰርዙም ለውጥ የለውም።»

ስትወጣ ጎረቤቷ እማማ በላይነሽ ባዶ ጀሪካን ይዘው በር ላይ ይጠብቋት ነበር።

«ልጄ፣ ሆዴ አልችል ብሎ አንዲት ነገር ደብቄሽ ነበር። ትናንት እሷንም አስጠፋኋት።»

«ምን ነበረች እማማ?»

«የሟቹ ልጄ ድምፅ። አሁንስ ውሃው ይመጣል?»

ትርንጎ ጀሪካኑን ተቀበለቻቸው።

«ይመጣል እማማ» አለች።