አሥሩ መቶ ሰባት የሆነ ዕለት

መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና አሥር ላይ ቆመች። ተቆጣጣሪው ጓድ ገብረማርያም መዳፍ የምታክለውን የብርሃን መለኪያ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አንስቶ ቅጹ ላይ "10" ሊጽፍ ብዕሩን ከፈተ። ብርሃኑ በሉክስ ልኬት ከመቶ በታች የሆነ የመሠረተ ትምህርት ቤት ይዘጋ ነው የሚለው ቅጹ።

"ጨለማ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ሸኸዲ ከተማ ይዛወራሉ" አለ።

ዋሴ ክው አለ። ትምህርቱ የሚሰጥበት የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂም፣ የመሠረተ ትምህርቱ አስተማሪም እሱው ነው። አጫጆቹ ሰሊጡን አራግፈው ወደ ጎጃምና ወደ ወሎ ከተመለሱ አምስት ወር ሆኗል። ሜዳው መሐል ለብቻው በቆመው ቆርቆሮ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው በሳምንት ሁለት ቀን፣ እነ ወይዘሮ ካሰች አምስት ሆነው ፊደል ሊቆጥሩ ሲመጡ ብቻ ነው። እነሱ ከቀሩ የሚያወራው ከጆንያ ጋር ነው። ጆንያ ደግሞ አይስቅም።

"ጓድ፣ ይቺ መሣሪያ በሉክስ አይደለም የምትናገር፤ በሌላ ልክ፣ በፉት ካንድል ነው። አሥር ፉት ካንድል መቶ ሰባት ሉክስ ይወጣዋል" አለ ዋሴ።

ወይዘሮ ካሰች አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። "ባለፈው ሳምንትም ሻማው በረሃው ጠንቶበት፣ ሳይለኮስ ተንበርክኮ ውሃ ለመነኝ ብሎናል። እሱ ሲምል እኮ ታቦቱም ፊቱን ያዞራል።"

አምስቱም ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን ዋሴ ለዚህ ሳቅ ነበር የሚኖረው።

"ስላንተ ሰምቻለሁ" አለ ገብረማርያም። "አሥርን መቶ ማድረግ ላንተ ምን ይገድሃል።"

"እኔን አይመኑኝ። ሻማውን ይመኑ።"

ሁመራ፣ ጥጥ በብርሃን በሚመረጥበት ቤት ሲላላክ አንድ ኸዋጃ፣ ፈረንጅ ማለት ነው፣ ያሳየው ነገር ነበር። ዋሴ በሩንና መስኮቶቹን ጠረቀመ። ቤቱ ጨለመ፤ እንደ ምድጃም ጋለ። አንዲት ሻማ ለኮሰና መለኪያዋን አንድ ፉት ርቀት፣ ሠላሳ ሳንቲሜትር ግድም ላይ ገብረማርያምን አስያዘው። መርፌዋ አንድ ላይ ወጣች።

"አንዲት ሻማ በአንድ ፉት፤ ይኸ አንድ ፉት ካንድል። አሁን አንድ ሜትር ይራቁ።"

መርፌዋ ዜሮው ላይ ተኛች።

"አንዲት ሻማ በአንድ ሜትር፤ ይኸ ደሞ አንድ ሉክስ። ብርሃኑ አለ፤ እሷ ግን ከቁጥር አታስገባውም።"

ከሻማው ካርቶን እያወጣ ሌሎች ሻማዎች ጨመረ፤ ሁሉንም ከመለኪያዋ አንድ ሜትር ላይ ተከላቸው። በአምስተኛው መርፌዋ ግማሽ ልትደርስ ጥቂት ቀራት። ሳቁ ከቆመ ቆይቷል። ከገብረማርያም አገጭ ላብ ቅጹ ላይ ጠብ አለ። አሥራ አንደኛው ሲለኮስ መርፌዋ አንድን ነካች።

"አሥራ አንድ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ሉክስ አንድ ፉት ካንድል ነው። አሥር ነጥብ ሰባት ምናምን። እንግዲህ በአሥር ያባዙት።"

ገብረማርያም በከንፈሩ አሰላ። መስኮቶቹን አስከፈተና "107" ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። ላንድሮቨሩ አቧራ አስነስቶ ሄደ።

ዋሴ ሻማዎቹን አጥፍቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ጠበቀ። ከትምህርት በኋላ ወጉ የታወቀ ነው፤ "በል አንዲት ጣል አርግልን" ይሉታል፣ ይዋሻል፣ ይስቃሉ፣ ፀሐይ ስትበርድ ይሄዳሉ። ዛሬ ግን አምስቱም ደብተራቸውን በደረታቸው አቅፈው ተነሡ።

"ማክሰኞ እንመጣለን፣ የኔታ" አለች ካሰች። የኔታ ብላው አታውቅም።

"ጓንግ ወንዝ ላይ ያየሁትን ነግሬያችኋለሁ?" ዋሴ እስከ ደጁ ተከተላቸው። "ሙቀቱ ያስመረረው ዓሣ ጥላ ፍለጋ ዋንዛ ላይ ወጥቶ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል።"

ቆም አሉ። ፊታቸውን አንድ በአንድ ቃኘ፤ ጥርሱን ያሳየ የለም። ካሰች ወደ ወንዙ አቅጣጫ አየችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

"ይሆናል፣ የኔታ። እርስዎ ካሉትማ።"

ከዚያ በሰሊጡ ቃርሚያ መሐል ተከታትለው ሄዱ። የመጨረሻው ሰውዬ ከአንድ ዛፍ ሥር ሲደርስ ቆመ፤ አንጋጠጠና ቅርንጫፎቹን እያየ ቆየ።