የማሞቂያው ነፋስ

መካኒኩ የመኪና ማሞቂያ ሲፈትሽ በእጁ አይተማመንም። «እጅ ይዋሻል» ይላል። ስለዚህ ከነፋስ መውጫው ፊት ስስ ወረቀት በክር ያንጠለጥላል። ነፋስ ካለ ወረቀቷ ትነሳለች፤ ከሌለ አርፋ ትቀመጣለች።

ዛሬ ጠዋት የመጣችው ወጣት እናት፣ «ጋሼ፣ ማሞቂያው ብርድ ብቻ ነው የሚተፋው። ልጄን ይዤ መንዳት ፈራሁ» አለችው።

«አይዞሽ፣ ቀላል ነው። ሻይሽን ሳትጨርሺ ይደርስልሻል።»

ወረቀቷን ከመኪናው የነፋስ መውጫ ፊት አንጠልጥሎ የራዲያተሩን ውሃ አየ፤ ሙሉ ነው። ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ቱቦዎች ዳሰሰ፤ ያቃጥላሉ። ታዲያ ብርዱ ከየት መጣ? ሞተሩን አጠፋና ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ነፋሱን የሚገፋውን ፋን ነቅሎ አወጣው። እግሩ ሥር አስቀምጦ ቀና አለ።

ወረቀቷ ወደ እሱ ተነሳች። ቀስ ብላ ተመልሳ መውጫው ላይ ተለጠፈች። ደግሞ ተነሳች።

«የጋራዡ በር ተከፍቶ ነው» ብሎ ራሱን ሸነገለና የመኪናውን በሮች ሁሉ ዘጋጋ። ወረቀቷ አላቆመችም። መዳፉን አስጠጋ። ነፋሱ አሁን ለብ ብሏል፤ እርጥብ ነው፣ ከሰው አፍ እንደሚወጣ። ምነው አሁን እጅ በዋሸ።

ወደ ኋላ ሸሽቶ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀና ትንፋሹን ዋጠ።

ወረቀቷም ቀጥ አለች።

ቀስ አድርጎ አየር ሳበ። ወረቀቷ ወደ ውስጥ ተሳበች። እንደገና ትንፋሹን ያዘ። ቆመች።

ሴትየዋ መስኮቱን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ጋሼ፣ ሞቀ እንዴ?»

ለመመለስ መተንፈስ ነበረበት።